ለጓደኞቹ የሚነግረውን ለእኔ ለምን ይደብቃል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቅዳሜ ሲመሽ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በቀዘፋ ጀልባ ዓሣ ሊያጠምድ ይወጣል። ሲመለስ ፊቱ ይፈካል። ሰሞኑን ግን ከሥራ ሊቀነስ እንደሚችል ጀልባው ላይ እንዳወራ ከአንዱ ጓደኛው ሚስት ሰማሁ። ለእኔ ትንፍሽ አላለም። ታዲያ እኔ ምኑ ነኝ? ማጥመዱ ይቅርብህ ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሆድ ቢብስሽ አይገርምም። የገዛ ቤትን ጉዳይ ከሰው አፍ መስማት ያማል። ጀልባውን ግን አትንኪበት።

እስቲ እዚያ ያለውን አስቢው። አንዱ ይቀዝፋል፤ ሁለቱ ክራቸውን ጥለው ይጠብቃሉ። ፊት ለፊት የሚተያይ የለም። ዓሣው እንዳይሸሽ ድምፅ ይቀንሳሉ፣ ስለዚህ ዝምታ አያሳፍርም። እሱ «ሳይቀንሱኝ አይቀርም» ይላል፤ ጓደኛው «ተው እንጂ!» ብሎ ዓይኑን ወደ ክሩ ይመልሳል። በቃ። ብዙ ወንዶች ጭንቀታቸውን የሚያወጡት እንዲህ ጎን ለጎን ሆነው እጃቸው ሥራ ሲይዝ ነው። ለአንቺ ሲነግርሽ ግን ወሬው የቤት ወጪ ይሆናል፣ የልጆች ነገር ይሆናል፣ ፊትሽ ላይ የሚያየው ድንጋጤ ይሆናል። የሸሸው ይህንን ይመስለኛል እንጂ ንቆሽ አይደለም። (ልክ ነው እያልኩ አይደለም። የቤቱን ገቢ የሚነካ ነገር መጀመሪያ መስማት ያለብሽ አንቺ ነሽ።)

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ጎትማን ከሲቢል ካሬር ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ አዲስ ተጋቢዎች ሲጨቃጨቁ የመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ትዳሩ መዝለቅ አለመዝለቁን ይጠቁሙ ነበር። ስለዚህ አጀማመርሽ ላይ ተጠንቀቂ። ገና ከመግባቱ በር ላይ አትያዢው። በማግሥቱ ዓሣውን አብራችሁ ስታጸዱ፣ እሱ ቅርፊቱን ሲያነሳ አንቺ ስታጥቢ፣ «ስለ ሥራህ ከሰው ሰማሁ። ሳትነግረኝ በመቅረትህ ከፋኝ። አሁን ነገሩ ምን ላይ ነው?» በይው። ማን ነገረሽ ካለ አትደብቂ።

ከዚያ ዝም በይ። ከባዱ ይኸው ዝም ማለትሽ ነው። ዝም ሲል በጥያቄ ካጣደፍሽው ይሸሻል፤ ሲሸሽ አንቺ ታጠብቂያለሽ፤ እንዲህ እየተባባሰ ይሄዳል። መፍትሔውም ለነገ ይደር።

ደጋግመሽ ሞክረሽ አልናገር ካለ፣ ወይም ብድርና ገንዘብም እየደበቀ ከሆነ፣ ነገሩ ከጀልባ ወሬ ያለፈ ነውና ሁለታችሁም አማካሪ ዘንድ ሂዱ። ስንት ሰዓት እንደሚመለስ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት መልበሱን፣ ከጨለመ በኋላ ጀልባው ላይ መብራት መኖሩን ግን ከዛሬ ጀምሮ ጠይቂው። «ተቆጣጠርሽኝ» ቢልም ጠይቂው።