ከምታሸንፊበት ቀዳዳ በታች አትጣዪ

ሰላም እህቴ። «ኮኔክት ፎር ኦንላይን ስጫወት በከባዱ ደረጃ ኮምፒውተሩን አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅም። ጓደኛዬም ሁሌ መጨረሻ ላይ ይበልጠኛል። ምን ላድርግ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም ልክ እንዳንቺ ነበርኩ። አጨዋወቱን ታውቂዋለሽ፤ 7 ዓምድና 6 ረድፍ ባለው ሰሌዳ ላይ ተራ በተራ ጠጠር ከላይ እየጣሉ፣ አራቱን ቀድሞ በአግድም፣ ወደ ላይ ወይም በሰያፍ የደረደረ ያሸንፋል።

1ኛ፦ ከኮምፒውተሩ ጋር ስትጫወቺ መጀመሪያ ሴቲንጉን ክፈቺና ማን እንደሚጀምር እዪ። እኔ ይህን ሳላይ ለሳምንታት ሁለተኛ እየሆንኩ ስደበደብ ከረምኩ። ጨዋታው እኮ ተፈትቶ ያለቀ ነው፤ ሁለቱም ካልተሳሳቱ ማን እንደሚያሸንፍ ይታወቃል። በ1988 እ.ኤ.አ. ጄምስ አለን እና ቪክተር አሊስ፣ አንዱ ከሌላው ሳይነጋገር፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ልዩነት ፈቱት። ጀማሪው የመጀመሪያ ጠጠሩን መሀል ላይ ጥሎ ከዚያ ካልተሳሳተ፣ ሌላው ምንም ቢያደርግ ያሸንፋል። ከባዱ ደረጃ በደንብ የተሠራ ከሆነና መሀሉን ይዞ ከጀመረ፣ ሌሊቱን ሙሉ ብትታገዪውም አታሸንፊውም። ስለዚህ አንቺ ጀምሪ።

2ኛ፦ ስትጀምሪ 4ኛው ዓምድ ላይ ጣዪ። የታችኛው ረድፍ መሀል ቀዳዳ 7 የተለያዩ የአራት መስመሮች ውስጥ ይገባል። የጥጉ ቀዳዳ ግን 3 ውስጥ ብቻ ነው የሚገባው። 3ኛው ወይም 5ኛው ላይ ብትጀምሪ፣ ሁለታችሁም ካልተሳሳታችሁ አቻ ነው። ከእነዚህም አልፈሽ ወደ ዳር ከጀመርሽ ግን ጨዋታውን ለሌላው አሳልፈሽ ሰጠሽ ማለት ነው።

3ኛ፦ ዋናው ይሄ ነው። ጓደኛሽ መጨረሻ ላይ የሚበልጥሽ ሳትቆጥሪ ስለምትጥዪ ይመስለኛል። የኔም ችግር እሱ ነበር። ምን እንዳሳጣኝ ልንገርሽ።

ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በሊንክ 10 ጨዋታ ልንጫወት ተስማማን። እሱ 5፣ እኔ 4 ሆነን አሥረኛው ላይ ደረስን። የጀመርኩት እኔ ነኝ። 34 ጠጠር ወድቋል። ከ2ኛው እስከ 6ኛው ያሉት ዓምዶች ጢም ብለው ሞልተዋል። 1ኛው ላይ 3 ባዶ ቀዳዳ ቀርቷል። 7ኛው ላይ ከታች አንድ ጠጠር ብቻ አለ። ከታች 3ኛው ረድፍ ላይ ደግሞ በ4፣ 5 እና 6 ዓምዶች የኔ ቀይ ጠጠሮች ተደርድረዋል። 7ኛው ዓምድ 3ኛ ረድፍ ላይ አንድ ብጨምር አለቀ።

ተራው የኔ ነው። አሁን ቁጠሪው። 1ኛው ዓምድ ላይ እኔ፣ እሱ፣ እኔ። ሞላ። ከዚያ ተራው የእሱ ነው፤ የቀረው 7ኛው ብቻ ነው። ሳይወድ በግዱ 2ኛው ረድፍ ላይ ይጥላል፣ እኔ ከላዩ ጥዬ አሸንፋለሁ። ዝም ብሎ መጠበቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

እኔ ግን ሰዓቱ ሲቆጥር ደነገጥኩና 7ኛው ላይ ጣልኩ። በገዛ እጄ መሰላሉን አቆምኩለት። ወዲያው ከላዩ ደፈነው። 42ቱም ቀዳዳ ሞልቶ አቻ ወጣን፣ ፉክክሩንም እሱ ወሰደው። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰዓቱን ካነሳሁ አይቀር፣ ለአንድ ጠጠር 10 ሰከንድ ብቻ እንደሚሰጥ አናውቅም ነበር። ሊንኩን ስትፈጥሪ ካልቀየርሽው ድረ ገጹ ራሱ የሚሞላው ነው። ለድጋፍ ክፍሉ በትህትና ጻፍኩላቸው፤ ቢያንስ ሊንኩ ላይ በግልጽ ይታይ አልኩ። ከአራት ቀን በኋላ «ሴቲንጉን ማንበብ የተጫዋቹ ኃላፊነት ነው» የሚል አንድ መስመር መጣልኝ። ሰላምታ እንኳ የለውም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። አንቺ ሊንክ ከመላክሽ በፊት ሰዓቱን አጥፊው፣ ወይም ቢያንስ አንድ ደቂቃ አድርጊው።

ከዚያ በኋላ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱ ዓምድ 6 ቀዳዳ ስላለው፣ ሌላው ሁሉ ሞልቶ ባዶ ዓምድ ሲቀር ጀማሪው ጎዶሎዎቹን ረድፎች፣ 1፣ 3 እና 5ን ያገኛል። ሁለተኛው 2፣ 4 እና 6ን ያገኛል። ስለዚህ ጀማሪ ስትሆኚ ሦስት ጠጠርሽን አራት የሚያደርገው ክፍት ቦታ በተለይ 3ኛው ወይም 5ኛው ረድፍ ላይ እንዲውል ሥሪ። ሁለተኛ ስትሆኚ 2ኛው ወይም 4ኛው ላይ ይሁን። ጭንቅ ካለሽ እሱ በጣለበት ዓምድ ላይ፣ ከላዩ እየጣልሽ ተከተዪው፤ 2ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው ረድፍ በእጅሽ ይቆያሉ። ሁልጊዜ አያድንም። እሱ አራተኛውን ሊያገናኝ ሲል መዝጋት ይቀድማል።

ክፍት ቦታሽን ከያዝሽ በኋላ ያንን ዓምድ አትንኪው። ከእሱ ክፍት ቦታ በታችም እንዳትጥዪ። ሌላ ቦታ ጨርሺ።

በዚህ መንገድ ከባዱን ደረጃ በ39ኛው ጠጠር አሸነፍኩት፤ ስክሪንሾቱ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። ጓደኛዬንም በሚቀጥለው ዙር 6 ለ 4 ረታሁት። አንቺም ዛሬ ስትጫወቺ 8 ያህል ባዶ ቀዳዳ ሲቀር ቆም በይና ስክሪኑን አንስተሽ ላኪልኝ፤ ተራው የማን እንደሆነም ጻፊ፣ አብረን እንቆጥረዋለን።