ያቺ ያልጻፍኳት ወረቀት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ስንጠጣ አንዲት ልጅ ያዘችኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገች፣ ፖሊሲ የምታጠና ልጅ ናት። "ጋሼ፣ ከተሞችን ከኑክሌር አደጋ ለመጠበቅ የወጣ ሕግ አለ አይደል? በጀቱ ከተመደበ፣ መሣሪያው ከተገዛ ሌላ ምን ይቀራል?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ሠላሳ ዓመት ገደማ በዋሺንግተን አካባቢ በኑክሌር ሕክምና ሠርቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ አባት መጡ። ሥራቸው ፓርኪንግ ነው። የታይሮይድ ዕጢያቸው ከልክ በላይ እየሠራ አክስቷቸዋል። የታዘዘላቸው አዮዲን 131 የሚባል፣ ጨረራ የሚያወጣ መድኃኒት ነው። ሲያዩት ተራ እንክብል ነው፤ የዋጠው ሰው ግን ለሳምንታት ጨረራ ይወጣዋል።

ማሳሰቢያው ሦስት ገጽ እንግሊዝኛ ነበር። "እንግሊዝኛ ያነባሉ አይደል?" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የእኛ አባቶች ሐኪም ቤት ገብተው "አይ" አይሉም፤ ይህን እዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ግን ሰው ተሰልፏል፣ ሰዓቱ ሄዷል። ግማሽ ገጽ አማርኛ መጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አልጻፍኩም።

በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። ባቡር ጣቢያ ውስጥ አንድ ፖሊስ አጠገብ ሲያልፉ ወገቡ ላይ ያለው ጨረራ የሚለይ መሣሪያ ጮኾ ይዘዋቸዋል። "ኪኒን ውጫለሁ" ብቻ ይላሉ። የምን ኪኒን? አያውቁም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሁለት ሰዓት ቆሙ። ወረቀቱ ቤታቸው፣ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፏል። ስደርስ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ "ልጄ፣ ምን አበላኸኝ?"

ፖሊሶቹን አልወቅስም። ሌላው መሣሪያቸው አዮዲን መሆኑን ወዲያው ለይቶ ነበር። እንዴት እኚህ ሰው ውስጥ እንደገባ ግን መሣሪያ አይናገርም። ሰውየው ለክትትል ተቀጥረው ቀሩ። ደወልኩ፣ አላነሱም።

መሣሪያው ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ የብራዚሏን ጎያኒያ ታሪክ ሰምቼ ምሳ መብላት አቅቶኝ ነበር። በ1987 ሰዎች ከተዘጋ ክሊኒክ የሕክምና መሣሪያ ነቅለው ወሰዱ። ውስጡ ያለው ሲዝየም የሚባል ጨረራ የሚያወጣ ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ያበራል፤ ቤተሰብ እንደ ጌጥ ተቀባባው። አራት ሰው ሞተ፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ተሰልፎ ተመረመረ። ቦምብ እንኳ አልነበረም።

ልጅቷ ወደ ጠየቀችኝ ሕግ ልመለስ። "ሴኪዩሪንግ ዘ ሲቲስ" የሚባለው፣ የአሜሪካ ከተሞች የኑክሌርና የጨረራ አደጋን ቀድመው እንዲለዩ የሚረዳው ፕሮግራም ኒው ዮርክ ላይ ሲጀመር የራሱ ሕግ አልነበረውም። ኮንግረስ በሕግ ያጸናው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2018 መጨረሻ ነው። የዛሬ ልጆች ሕጉን ትታችሁ ስለ ሕጉ የተሠራውን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው የምታዩት። ቁጭ ብላችሁ ሙሉውን አንብቡት። እርግጥ እኔም ያነበብኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ እና ቢቀርብኝም ያን ያህል አልጎዳም ነበር። እኚያን አባት ሁለት ሰዓት ያቆማቸው የሕግ አንቀጽ ሳይሆን የእኔ ጥድፊያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ታካሚው ምን እንደዋጠ የምትናገር፣ ኪስ የምትገባ የአማርኛ ካርድ አዘጋጀሁ። "ጨረራ" ልበል "ጨረር" ብዬ ስንት ቀን ተጨቃጨቅሁ! አንዷ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለች። እሑድ ለዚያች ልጅ እወስድላታለሁ። እናቷን አስነብባ፣ ያልገባት ቃል ካለ ትንገረኝ።