በአነስተኛ ባንክ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ስንጫወት አንድ ነገር ደጋግሜ ሰማሁ። «እዚህ ትንሽ ልምድ ልያዝና ወደ ትልቅ ባንክ እሄዳለሁ» ትላላችሁ። መሄዱ ክፋት የለውም። ትልቅ ባንክም ብዙ ያስተምራል። የከነከነኝ ሌላ ነው። ያላችሁበት የማኅበረሰብ ባንክ ምን እንደሚሠራ በደንብ ሳታዩት ልታልፉት ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በብድር ሥራ ላይ ነውና የማውቀውን ልንገራችሁ።

የማኅበረሰብ ባንክ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። የአካባቢው ሰው ያጠራቀመውን ይቀበላል፤ ለዚያው አካባቢ ሰው ያበድራል። መምህሯ ከደመወዟ ያስቀመጠችው ለአናጺው የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን መግዣ ይሆናል። አናጺው ሥራ ሲበዛበት ሁለት ወጣቶች ይቀጥራል። እነሱም ደመወዛቸውን ይዘው ወደዚያው መስኮት ይመጣሉ። ገንዘቡ እዚያው እየዞረ ብዙ ሰው ይጠቅማል።

ነገሩ የሚበላሸው ተቀማጩ ከአንድ ቦታ እየተሰበሰበ ብድሩ ሌላ ቦታ ሲሄድ ነው። ባንኩ ያተርፍ ይሆናል። የቆጠበው ሰፈር ግን ዓመት መጣ ዓመት ሄደ፣ ያው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣችው የማኅበረሰብ መልሶ ኢንቨስትመንት ሕግ መነሻው ይኸው ነበር። ባንኮች ከድሃ ሰፈሮች ተቀማጭ ይወስዳሉ፣ ብድር ሲጠየቁ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ የሚል አቤቱታ በዝቶ ነበር። ሕጉ ባንኮች የሚሠሩበትን አካባቢ የብድር ፍላጎት፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሰው ጨምሮ፣ እንዲያሟሉ ያበረታታል። ተቆጣጣሪዎችም በዚህ ረገድ እየመዘኑ ውጤት ይሰጧቸዋል። ሕግ መኖሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሕግ ባይኖርም ይህን ጥያቄ ራሳችሁ ጠይቁ፦ ከዚህ ሰፈር የሰበሰብነው ገንዘብ አሁን የት ነው ያለው?

ይህ ዓይነት ባንክ ከየት እንደመጣ ማወቅም አይጎዳም። እ.ኤ.አ. በ1810 ስኮትላንድ ውስጥ ሩትዌል በምትባል ትንሽ ደብር ሄንሪ ደንከን የሚባል ቄስ የቁጠባ ባንክ ከፈተ። በዚያ ዘመን መደበኛ ባንክ ሂሳብ ለመክፈት 10 ፓውንድ ይጠይቅ ነበር። ድሃ ሠራተኛ ይህን ከየት ያመጣል? ደንከን በስድስት ፔንስ ጀምሩ አላቸው። ካናዳ ውስጥ ሌቪ በምትባል ከተማ ደግሞ አልፎንስ ዴጃርዳን የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋመ። እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 1901 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ተቀማጭ 10 ሳንቲም ነበር። ቢሮው የራሱ መኖሪያ ቤት ነው። ሚስቱ ዶሪሜን ሥራውን አብራው ትመራ ነበር።

እኔ ከሁሉም የምወደው ግን የጀርመኑን የፍሪድሪሽ ራይፈይዘንን ታሪክ ነው። ራይፈይዘን የባንክ ሰው አልነበረም። የገጠር ከንቲባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 እና በ1847 አዝመራ ጠፍቶ ረሃብ ሲገባ ለሕዝቡ ዱቄት ያስመጣል፣ ዳቦ ያስጋግራል፣ በዱቤ ያከፋፍላል። ከዚያም ሀብታሞችን አስተባብሮ ገበሬውን ከአራጣ አበዳሪ የሚያላቅቅ ማኅበር አቋቋመ። ግን አንድ ነገር አየ። የሰጪው ልብ ሲደክም እርዳታው አብሮ ይደክማል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1864 ሄደስዶርፍ ላይ የብድር ማኅበሩን በራሳቸው በተበዳሪዎቹ ትከሻ ላይ አቆመው። አባላቱ ለማኅበሩ ዕዳ በሙሉ ንብረታቸው ተጠያቂ ነበሩ። ማኅበሩ የሚሠራበት ክልል ደግሞ ሆን ተብሎ ትንሽ ተደረገ፤ አባላቱ እርስ በርስ እንዲተዋወቁ ነው። ማን ታታሪ እንደሆነ፣ ማን ገንዘቡን ለመጠጥ እንደሚያውለው ጎረቤት ያውቃል። ያ እውቀት ነው የመሬት ካርታ የሌለውን ገበሬ አበድሩት ያሰኘው።

ዛሬም የትንሽ ባንክ ጉልበት ይህ እውቀት ነው። በካፒታል ትልቁን ባንክ አትበልጡትም። በሲስተምም አትበልጡትም። ደንበኛውን በማወቅ ግን ትበልጡታላችሁ፤ ለማወቅ ከተነሳችሁ።

አንዲት ልብስ ሰፊ ትዝ ትለኛለች። ብድር ስትጠይቅ የሂሳብ መግለጫ አልነበራትም። የነበራት ጠርዙ የተበላ ደብተር ነው። በግራ የደንበኛ ስም፣ መሀል ላይ የሚሰፋው ልብስ፣ በቀኝ ቀብድና ቀሪ ሂሳብ። የተከፈለው ላይ መስመር ተሰምሮበታል። ደብተሩን ከፊት ሳይሆን ከመሀል ገለጥኩት። ለባንክ ተብሎ በአንድ ሌሊት የተጻፈ ደብተር ያስታውቃል፤ ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። የእሷ ግን አንዱ መስመር በእርሳስ፣ አንዱ በሰማያዊ፣ አንዱ በቀይ ነበር። ያልተሰረዙትን አየሁ። የቆየ ዕዳ ጥቂት ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ያሉት ገጾች ጢም ብለው ሞልተዋል። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ሳስተዋል። ስለዚህ ክፍያውን በየወሩ እኩል አላደረግነውም። ገቢ በሚበዛባቸው ወራት ከፍ፣ በሚቀዘቅዙት ዝቅ አድርገን አቀድነው። ብድሩ ያለ ውጣ ውረድ ተከፍሎ አለቀ።

ይህች ሴት በስልክ መተግበሪያ ብታመለክት ኖሮ «መረጃው አልተሟላም» ተብላ ነበር የምትመለሰው። መረጃው ግን ነበራት። የሚያነብላት ሰው ነው የሚያስፈልጋት የነበረው።

ይህ የኔ የግል ስሜት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የአሜሪካ አነስተኛ ድርጅቶች ጥናት ከአበዳሪው ጋር የተቀራረበ ድርጅት ብድር የማግኘት ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ወለዱ ላይ ያለው ለውጥ ግን ያን ያህል አልነበረም። እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። ትንሽ ነጋዴ በሩብ ፐርሰንት ወለድ አይወድቅም። የሚጥለው፣ ዕቃ ማስገባት ባለበት ሳምንት ገንዘብ ማጣቱ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ደንበኛን ማወቅ ሁለት ስለት አለው። ሰውየው ጎረቤታችሁ ነው። ልጁ ከልጃችሁ ጋር ይማራል። ለቅሶ ላይ አጠገባችሁ ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው «አይሆንም» ማለት ጭንቅ ነው። ብዙ ትንሽ ባንክ የሚጎዳው በሌባ አይደለም፤ በይሉኝታ ነው። የቦርድ አባል ወንድም ይመጣል፤ ፋይሉ ሳይሟላ ያልፋል። የቆየ ደንበኛ ይመጣል፤ አሮጌው ብድር አልከፈል ሲለው አዲስ ብድር ተሰጥቶት አሮጌው ይዘጋል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ባንኩ ግን ከውስጥ እየተበላ ነው።

ልጆቼ፣ ያ ገንዘብ የእናንተ አይደለም። የባንኩም አይደለም። አብዛኛው ሰው አምኖ ያስቀመጠው አደራ ነው። ይሉኝታ ሲይዛችሁ መስኮቱ ላይ የተሰለፉትን አስቀማጮች አስቧቸው። እናንተ ለአንዱ የምታደርጉት ደግነት ከእነሱ ኪስ ነው የሚወጣው። እምቢታም ቢሆን በቶሎና በግልጽ ይሁን። ሰውን ሦስት ወር አመላልሶ «አልተፈቀደም» ማለት ግፍ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምክንያቱን ንገሩት። ምን ቢያሟላ እንደሚፈቀድለትም ንገሩት። በአክብሮት እምቢ የተባለ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ጥሩ ደንበኛ ያፈራሁት እንዲህ ነው።

መያዣም አያታልላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ የእርሻ አካባቢዎች የመሬት ዋጋ ሽቅብ ይወጣ ነበር። የገጠር ባንኮች የገበሬውን ገቢ ማየት ትተው የመሬቱን ዋጋ እያዩ አበደሩ። መሬቱ እስከተወደደ ድረስ ብድሩ አስተማማኝ መሰለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወለድ ሰማይ ነካ፣ የእህል ኤክስፖርት ቀነሰ። በአይዋ ግዛት የመሬት ዋጋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በላይ ወደቀ። ገበሬው ወደቀ፤ ያበደረው ትንሽ ባንክም ተከትሎት ወደቀ። ባንኮቹ ገበሬውን አያውቁትም ነበር ማለት አይቻልም። በስም ያውቁታል። ያልጠየቁት «ይህ እርሻ በዓመት ምን ያህል ያስገባል? ከዚያ ላይ ይህን ዕዳ መክፈል ይችላል ወይ?» የሚለውን ነው። ሁሉም ብድር በአንድ ምርት ላይ መንጠልጠሉም ሌላው ጥፋት ነበር። አካባቢን መደገፍ ማለት ሙሉውን ገንዘብ አካባቢው የሚኖርበት አንድ ሥራ ላይ መድፋት አይደለም። ለአንድ ተበዳሪና ለአንድ ዘርፍ የሚሰጠው ጣሪያ ሊኖረው ይገባል። ብድሩ ለባንኩ ከገዘፈ ከሌላ ባንክ ጋር ተካፍሎ ማበደር ይቻላል። የወለድ ገቢው ይቀንሳል፤ እንቅልፍ ግን ይገኛል።

የባንክ ሰው ማንነት የሚለየው በክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1906 ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ወደመች። የትልልቆቹ ባንኮች ካዝና በእሳቱ ግሎ ስለነበር ቶሎ መክፈት አልተቻለም። አማዴዎ ጂያኒኒ ከሁለት ዓመት በፊት ለጣሊያን ስደተኞች ብሎ የከፈተው ትንሽ ባንክ ነበረው። እሳቱ ከመድረሱ በፊት ገንዘቡን በጋሪ አሸሸ። ከዚያም ወደብ ላይ በሁለት በርሜሎች ላይ ሳንቃ አጋድሞ ብድር መስጠት ጀመረ። ድፍረቱን ከየት አመጣው? ሰዎቹን አስቀድሞ ያውቃቸዋል። በየቤቱ እየዞረ ሂሳብ ያስከፈታቸው ራሱ ነው። በአደጋው ማግስት ማወቅ ይጀምር ቢሆን ኖሮ ለማንም ማበደር ባልቻለ ነበር። ያ ባንክ በኋላ አድጎ ባንክ ኦፍ አሜሪካ ሆነ።

እናንተም ክፉ ዓመት ይገጥማችኋል። ድርቅ ይሆናል፣ ጎርፍ ይሆናል፣ ወይም የአካባቢው ትልቅ ፋብሪካ ይዘጋል። ያኔ ክፍያ ያቋረጠውን ሁሉ በአንድ ዓይን አትዩት። ሥራው ደህና ሆኖ ገበያ የራቀው አለ። ገበያው ባይርቅም ሥራው ድሮም የማያዋጣ የነበረ አለ። ለመጀመሪያው የእፎይታ ጊዜ ስጡት፤ የክፍያ ጊዜውን አራዝሙለት፤ የሚያስፈልገው ከሆነም የሥራ ማስኬጃ ጨምሩለት። ለሁለተኛው ዕዳ መጨመር እሱንም መግደል ነው። ቁጭ ብላችሁ ምን መሸጥ እንዳለበትና ምን ማትረፍ እንደሚችል አብራችሁት አስቡ። ሁለቱን ለመለየት ግን ቦታው ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ አቧራ ለብሷል ወይስ ትናንት ገብቷል? ሠራተኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል? ይህን ቢሮ ተቀምጦ ማየት አይቻልም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ችግር ሲገጥመው ራሱ ደውሎ የሚነግራችሁ ደንበኛ ትልቅ ሀብት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ስትቀበሉት አትቆጡ። ከተቆጣችሁት ሌላ ጊዜ አይነግራችሁም። ወሬውም ይሰማል፤ ሌሎቹም ስልካቸውን ያጠፋሉ።

ስለ ብድር ብቻ አወራሁ። መስኮት ላይ የምትሠሩትም እኩል ከባድ አደራ አለባችሁ። ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ የምታወጣ አንዲት አሮጊት አንድ ቀን ያላትን በሙሉ ላውጣ ብትል፣ አጠገቧም የማታውቁት ሰው ስልክ ይዞ ቢቆም፣ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። ገንዘቡ የራሷ ነው፤ መከልከል አትችሉም። ግን ወደ ጎን ወስዶ «እማማ፣ በሰላም ነው? ማን ነው ያስቸኮለዎት?» ማለት ትችላላችሁ። አጭበርባሪ የሚኖረው በጥድፊያ ነው። አምስት ደቂቃ ብታዘገዩት ብዙ ጊዜ ይከሽፍበታል። ከማሽን የማይገኝ አገልግሎት ማለት ይህ ነው።

በቴክኖሎጂ ላይ ጥላቻ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ገንዘብ ለማስተላለፍ ግማሽ ቀን መሰለፍ ያለፈበት ነገር ነው፤ እሰየው ነው። የእኔ ጥያቄ፣ ሲስተሙ ያተረፈላችሁን ሰዓት ምን አደረጋችሁበት ነው። ሰዓቱ ለሪፖርት ከዋለ ደንበኛው ምንም አላገኘም። ከቢሮ ወጥታችሁ ሥራውን የምታዩበት ከሆነ ግን ባንኩም ሰፈሩም ያተርፋል።

ለመጀመር የሚሆን አንድ ሥራ ልስጣችሁና ላብቃ። ነገ ቢሮ ስትገቡ ባለፈው ዓመት ውድቅ የተደረጉ የብድር ማመልከቻዎችን ፋይል አስፈቅዳችሁ አውጡ። ሁሉም ሰው የተፈቀዱትን ነው የሚያነበው። እናንተ እነዚህን አንብቡ። አንድ በአንድ ምክንያቱን እዩ። ሰውየው መክፈል ስለማይችል ነው የተመለሰው ወይስ የሚሠራበት ቦታ ድረስ የሄደ ሰው ስለሌለ? ሁለተኛው ዓይነት ካገኛችሁ ለኃላፊያችሁ አሳዩና አድራሻውን ይዛችሁ ሂዱ።