መልስ፦ አስክ1 ገዳይ ከሆነ ሴሉ ለምን ይሸከመዋል?
«አስክ1 ሴልን የሚገድል ኤንዛይም ከሆነ ሰውነታችን ለምን ያመርተዋል?» ላልከው፦ ገዳይ ማለቱ ትንሽ በዝቶበታል። ጥፋቱ የስሙ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ሲገለጽ ከሴል ሞት ጋር አያይዘው «የአፖፕቶሲስ (ሴል ራሱን የሚያጠፋበት ሂደት) ምልክት ተቆጣጣሪ ካይኔዝ 1» ብለው ሰየሙት፤ አስክ1 የዚህ የእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻር ነው፤ በዚያው ቀረ።

አስክ1 ካይኔዝ ነው። ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት ይለጥፋል ማለት ነው። ሴሉ ሰላም ሲሆን ታዮሬዶክሲን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ጥፍር አድርጎ ይይዘዋል። እንደ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያሉ ሴልን የሚጎዱ ነገሮች ሲበዙ ግን ታዮሬዶክሲን ራሱ ኦክሲዳይዝ ይሆንና (ኤሌክትሮን ያጣና) ይለቀዋል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ጠባቂው ራሱ የአደጋ ደወል ነው! የተለቀቀው አስክ1 መሃል ላይ ያሉ ካይኔዞችን ይቀሰቅሳል፤ እነሱ ደግሞ ፒ38 እና ጄኤንኬ የተባሉትን ቀጣይ ካይኔዞች።

ቀጥሎ የሚሆነውን በአብዛኛው የሚወስነው ጊዜ ነው። ምልክቱ አጭር ከሆነ ሴሉ ሊላመድ ይችላል። ባክቴሪያ ሲገባም ይኸው መስመር የመከላከያ ምልክቶች እንዲመረቱ ያግዛል። ከረዘመ ግን አፖፕቶሲስ ይከተላል። ክፉኛ የተበላሸ ሴል ደግሞ ዝም ብሎ ከሚኖር ራሱን ቢያጠፋ ይሻላል እኮ።

«ታዲያ አስክ1ን በመድኃኒት እናግደው» ላልከው ደግሞ፦ ተሞክሯል። ሴሎንሰርቲብ የሚባለው አጋጅ መድኃኒት ስብ በሚያስከትለው የጉበት ብግነት ላይ ተፈትኖ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው ምዕራፍ ሙከራ ግቡን ሳይመታ ቀረ።