ባሕር ዳር ላይ ቴድኤክስ ስለማዘጋጀት ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ባሕር ዳር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ቴድኤክስ ማዘጋጀት እንፈልጋለን። ፈቃዱ ስንት ብር ነው? ንግግሩ የግድ በእንግሊዝኛ ነው? ታዋቂ ሰው ከየት እናምጣ?» ብለሻል። እስካሁን የመለሱልሽ ሁሉ «ስፖንሰር ፈልጊ» ነው ያሉሽ። ስፖንሰሩ ይቆይ። እኔና ጓደኞቼ እዚሁ ከተማ ሞክረነው ነበር። ግማሹን አበላሽተን ግማሹን ተምረን ወጣን።

የመጀመሪያው ጥፋታችን ፖስተሩ ነው። አምስት ሆነን ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን ተነጋገርን፤ በሳምንቱ ፖስተር አሠራን። «ቴድኤክስ» የሚለውን በቀይ፣ ከሥሩ የከተማችንን ስም። ምን የመሰለ ነገር ነበር! ቴሌግራም ላይ በለቀቅነው ማግስት አንድ ልጅ «ፈቃድ አውጥታችኋል?» ብሎ ጠየቀን። የምን ፈቃድ? እኛ ስሙ እንደ «ሲምፖዚየም» የማንም መስሎን ነበር። ትልቁ ባነር ደግሞ ታትሞ አልቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጻፍልሽ። ቴድ በ1984 አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረ፣ ሰዎች ሐሳባቸውን በአጭር ንግግር የሚያካፍሉበት ጉባኤ ነው። ስሙ ቴክኖሎጂ፣ ኢንተርቴይንመንትና ዲዛይን ከሚሉት ቃላት መነሻ ፊደሎች የመጣ ነው። ቴድኤክስ የሚባለው ከ2009 ጀምሮ ሰዎች በየከተማቸው ራሳቸው እንዲያዘጋጁት የተፈቀደው ነው። ፈቃዱ በነጻ ነው፤ ሳንቲም አትከፍይም። ግን ኢንተርኔት ላይ አመልክተሽ፣ መልሱን ጠብቀሽ ነው ስሙን የምትነኪው። ፈቃዱም ለአንድ ዝግጅት ብቻ ነው፤ ለሚቀጥለው እንደገና ትጠይቂያለሽ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሚዘጋጅ የፈቃዱ ዓይነት የተለየ ነው። ስለዚህ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ የምታስቡ ከሆነ ከማመልከታችሁ በፊት ቁርጡን ወስኑ።

አንድ ደንብ ያስደነግጥሽ ይሆናል። ፈቃዱን የሚወስደው ሰው ዋናውን የቴድ ጉባኤ ተካፍሎ የማያውቅ ከሆነ ታዳሚው ከ100 አይበልጥም። 100 ሰው! እኛ አገር እኮ 100 ሰው የክርስትና ድግስ ነው። አጎት ይቀየማል፣ የክፍል ጓደኛ ይቀየማል። መጀመሪያ እኔም ተበሳጭቼ ነበር። አሁን ግን ደንቡን ወድጄዋለሁ። 100 ሰው ከሆነ የኋላው ረድፍ የተናጋሪውን ፊት ያያል።

ሌላው ጣጣ የክብር እንግዳ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ በነጻ እንሰጣችኋለን ብሎን ነበር። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ኋላ ላይ «ኃላፊው በንግግር ይከፍቱታል፣ በንግግር ይዘጉታል» ተባለ። የቴድኤክስ መድረክ ደግሞ ይህን አይወድም። የፖለቲካም፣ የሃይማኖትም ቅስቀሳ አይካሄድበትም፤ ስፖንሰር ያደረገም ቢሆን ዕቃውን ሊያስተዋውቅ አይወጣበትም። ተናጋሪ አይከፈለውም፣ አይከፍልምም። በአክብሮት አስረዳን። በአክብሮት አዳራሹን አጣን።

በመጨረሻ ስሙን ትተን የራሳችንን የንግግር ምሽት አዘጋጀን። የአንድ ካፌ ግቢ፣ የተከራየነው ጄነሬተር፣ 60 የሚሆን ሰው። ያ ባነር ጀርባው ነጭ ስለነበር ገልብጠን ሰቀልነው። የምመክርሽም ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ያለ ስሙ አንድ ምሽት ሞክሩ። ስትሳሳቱ የምትሳሳቱት በራሳችሁ ስም ነው። ለፈቃዱ ስታመለክቱም የምትጽፉት ነገር ይኖራችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ተናጋሪ። «ታዋቂ ሰው» ያልሽውን እርሺው። ማዕረግ ያለውን አትፈልጊ፤ አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ ሲያይ የኖረ ሰው ፈልጊ።

የኛ አንደኛ ተናጋሪ መምህር ነበር። የሚያውቀው ብዙ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። 42 ስላይድ ይዞ መጣ። ልምምድ ላይ ሰዓት ያዝንበት። ክቡራንና ክቡራት፣ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ፣ እገሌን ሳላመሰግን አላልፍም ሲል ሦስት ደቂቃ ሄደ። የቴድ ንግግር ቢበዛ 18 ደቂቃ ነው። 18 ጣሪያው ነው እንጂ የግድ መሙላት የለብሽም። ሰላምታውን ቁረጥ ስንለው «ሰው ባለጌ ይለኛል» አለን። እውነቱን ነው፣ ባህላችን ነው። የተስማማነው ምስጋናውን ሁሉ አስተዋዋቂዋ እንድትወስድለት ነው። ስላይዱም ወደ አምስት ወረደ፤ በስንት ጭቅጭቅ!

ሁለተኛዋ ስለ ጣና ዓሣ የምታጠና ልጅ ናት። ነጭ ዓሣ የምንለው ብዙ ዓይነት አለው፤ አብዛኞቹ ከጣና ውጭ የትም አይገኙም። ከነሱ ውስጥ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች የሚወጡ አሉ። አጥማጁም መረቡን ይዞ ወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። ልጅቷ መጀመሪያ የጻፈችው ስለ ሥነ ምህዳር ነበር፣ እንቅልፍ ያመጣል። «አንድ ዓሣ ተከተይ» አልናት። አንዲት ዓሣ ከሐይቁ ተነሥታ ወንዙ አፍ እስክትደርስ ያለውን ተረከችው። ቀበሌ 14 ዓሣ ጥብስ በልቶ የመጣው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ።

ሦስተኛውን ብታዪያቸው ጥሩ ነበር። ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። ስንጠይቃቸው «እኔ ምን ሐሳብ አለኝ? እኔ ያለኝ ደንገል ነው» አሉን። እኛም ተሳሳትን፤ ቁጭ ብለን ንግግር ጻፍንላቸው። እንዲያነቡት አደረግን። እንደ ማስታወቂያ ሆነ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ከዚያ በኋላ አላየነውም። አንዷ ጓደኛችን «አባባ፣ ታንኳው እንዳበቃለት በምን ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች። «ስትሸከመው ትከሻህ ይነግርሃል» አሉ። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ከሐይቅ ወጥቶ ቆሞ ካልደረቀ በየቀኑ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። «ዛሬ ልጆቹ ሳያሳርፉት እንደገና ይጭኑታል» አሉ። ንግግሩ ይኸው ነው! መድረክ ላይ የደንገል እስር ይዘው ወጡ፣ እያሰሩ ሰባት ደቂቃ አወሩ፣ ጨርሰው ወረዱ። ማይክ በእጅ የሚያዝ ቢሆን ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር፤ አንገት ላይ የሚሰካ ተከራዩ።

ስለ እንግሊዝኛው፦ የግድ አይደለም። ቴድኤክስ በአገር ቋንቋ ይዘጋጃል። ትርጉሙን በጎ ፈቃደኞች ከቪዲዮው ሥር ይጽፉታል፤ ይህ የትርጉም ሥራም በ2009 የተጀመረ ነው። እንግሊዝኛ የሚፈራ ተናጋሪ ካለሽ በ2007 አሩሻ፣ ታንዛኒያ የተካሄደውን የቴድ ጉባኤ አሳይው። ከቁርጥራጭ ብረት የንፋስ ወፍጮ የሠራው ማላዊያዊ ወጣት ዊሊያም ካምኳምባ እየተንቀጠቀጠ፣ በጥቂት ቃላት ነው ያወራው። በዚያው መድረክ የኛዋ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ስለ ምርት ገበያ ተናግራለች፤ ገበያው ሥራ የጀመረው በዓመቱ በ2008 ነው። ገና ያልተሠራ ነገርም ለንግግር ይሆናል ለማለት ነው።

ደግሞ አንድ ምክር፦ ከቡድናችሁ ሁለት ሰው የአንድ ንግግር ጽሑፍ ወደ አማርኛ ይመልስ። እኔ በአንድ ቀን የሚያልቅ መስሎኝ ጀምሬ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ግን የንግግር አጥንቱ የሚታይሽ ያኔ ነው። ቀልዱ የት እንደገባ፣ ተናጋሪው የት ዝም እንዳለ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር ቢወጣ እንደማይጎድል ይገባሻል።

ብሩን በተመለከተ፣ የፈጀብን ጄነሬተር፣ ድምፅና ካሜራ ነው። ሻይና ዳቦውን ካፌው ቻለን። ኪሳራ ከገባችሁም አትደንግጡ፤ የ1984ቱ የመጀመሪያው ቴድ ራሱ ከስሮ፣ ሁለተኛው የተካሄደው በ1990 ነው።

ሐይቁ ዳር ካሰባችሁ ግን ማይኩን ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ሞክሩት፣ ንፋሱ ሲነሣ። እኛ ጠዋት ሞክረን «አሪፍ ነው» ብለን ሄድን። የዓሣዋ ልጅ ቪዲዮ ላይ ግማሹ ንፋስ ነው። እስካሁን ስታገኘኝ ታነሣብኛለች።