ልጄ ሜዳ ላይ ወድቆ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። 11 ዓመት የሞላው ልጄ ቅዳሜና እሁድ በአሰልጣኝ የሚሠለጥን የሰፈር ታዳጊዎች ቡድን ልግባ እያለ ይነዘንዘኛል። ባለፈው ወር የጎረቤታችን ልጅ ልምምድ ላይ ወድቆ ራሱን ስቶ ነበር። ግማሹ ሰው «በላቡ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቶ ነው» ይላል፣ ግማሹ «ልቡ ነው» ይላል። ክብሪት አሸተቱት፣ ዳማከሴ አሹት፣ ነቃ። አሁን ደህና ነው። የእኔ ልጅ ደግሞ ሮጦ ሲመጣ ተረከዙን ያመዋል። አባቱ ለወገቡ ከታዘዘለት ዲክሎፌናክ ግማሽ ፍሬ ከልምምድ በፊት ስሰጠው ይሻለዋል። ዕድሜው ደርሷል? የልብ ምርመራስ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዕድሜው ደርሷል። በ11 ዓመቱ ከእኩዮቹ ጋር ለደስታ የሚጫወት ልጅ ለአጥንቱም፣ ለልቡም፣ ለእንቅልፉም ይጠቀማል። እንቅልፍ የነሳዎት ግን ዕድሜው አይመስለኝም፤ «እንደ ጎረቤቴ ልጅ ወድቆ ባይነሳስ» የሚለው ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ጤነኛ ልጅ ኳስ ስለተጫወተ ብቻ ልቡ አይቆምም። ለእርስዎ ልጅ መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። እየሮጠ ሳለ ራሱን ስቶ ያውቃል? ሲሮጥ ደረቱን ያመዋል፣ ወይስ ከእኩዮቹ ቀድሞ ትንፋሽ ያጥረዋል? ከቅርብ ዘመድ 50 ዓመት ሳይሞላው በድንገት የሞተ አለ? በእኛ አገር የልጆችን ልብ በብዛት የሚጎዳው ደግሞ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የሩማቲክ ልብ ሕመም ነው። ስለዚህ ጉሮሮውን ታሞ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያው እያበጠ፣ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት የተዘዋወረበት ጊዜ ካለ ይንገሩን። ለሁሉም መልስዎ «የለም» ከሆነ አንድ ሐኪም ልቡን በማዳመጫ ሰምቶ ደህና ነው ካለዎት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ኳስ ተጫዋች ልጅ የልብ አልትራሳውንድ አይታዘዝም፤ ገንዘብዎን አያባክኑ።

የጎረቤትዎ ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሮጦ ጨርሶ ቆሞ ሳለ ከወደቀ ብዙ ጊዜ ደሙ እግሩ ላይ ቀርቶ ነው፤ አስደንጋጭ ቢሆንም አደጋው አነስተኛ ነው። እየሮጠ ሳለ ከወደቀ ግን ልቡ በኢሲጂ (የልብን ምት በሚመዘግበው መሣሪያ) እና በአልትራሳውንድ ታይቶ ነጻ እስኪባል ድረስ ኳስ የሚባል ነገር መንካት የለበትም። «ነቃ፣ ደህና ነው» ብሎ አንድ ወር ሙሉ መቀመጥ ምን ማለት ነው? ዛሬውኑ ለእናቱ ይንገሯት፤ ነገ ሳይሆን ዛሬ።

አሁን ወደ ውሃው። «በላብ ላይ ውሃ አይጠጣም፣ ሳንባውን ብርድ ይመታዋል» የሚለውን በየሳምንቱ እሰማለሁ፤ ከእናቶችም፣ ከአሰልጣኞችም። ልጆቹን የሚጎዳው ውሃው ሳይሆን ይህ አባባል ነው። የተዋጠ ውሃ ሆድ እንጂ ሳንባ አይገባም። የሳንባ ምች የሚመጣው ከጀርም ነው፤ የቀዘቀዘ ውሃ ጀርም አይፈጥርም። ልጅ ሲሮጥ ጡንቻው ሙቀት ያመነጫል፣ ሰውነቱ ያንን ሙቀት በላብ ያስወጣል፣ ላቡ ደግሞ ከደሙ ውስጥ የሚወጣ ውሃ ነው። የወጣው ካልተተካ ላቡ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ውስጥ ይታመቃል፣ ልጁ ይወድቃል። ከዚያ ሰዉ «ውሃ ስለጠጣ ነው» ይላል፤ ብዙውን ጊዜ የወደቀው ውሃ ስላልጠጣ ወይም ዘግይቶ ስለጠጣ ነው።

ይህ ነገር ደብረ ብርሃን ላይ ቢሆን ያን ያህል ባልጮህኩ። ድሬዳዋ ግን ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፣ የሜዳው አሸዋ ደግሞ ከአየሩ ይብሳል። በ2014 እ.ኤ.አ. ብራዚል ላይ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ጨዋታ ቆሞ ተጫዋቾቹ ውሃ እንዲጠጡ ተደርጓል። እነዚያ ሐኪም አጠገባቸው የሚቀመጥ አዋቂዎች ናቸው። የ11 ዓመት ልጅ እንዴት ሳይጠጣ ሁለት ሰዓት ይሮጣል?

ልጅዎ ከቤት ሲወጣ ጠጥቶ ይውጣ፣ አንድ ሊትር ውሃ በሃይላንድ ይዞ ይሂድ፣ በየ20 ደቂቃው ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ይጠጣ፤ ባይጠማውም። ቀዝቃዛ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ልጆች የቀዘቀዘውን ስለሚወዱት የበለጠ ይጠጣሉ። ለአንድ ሰዓት ልምምድ ተራ ውሃ ይበቃል፤ ለስላሳም «ኢነርጂ» የሚሉትም አያስፈልገውም። ሽንቱ ጠቆር ካለ አልጠጣም ማለት ነው። ልምምዱ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን። አሰልጣኙ 8 ሰዓት ላይ የሚጠራቸው ከሆነ እምቢ ይበሉ፤ ሌሎቹንም እናቶች ይዘው ይሂዱ። ክረምቱን ሐረር አያቱ ዘንድ ከርሞ የሚመለስ ልጅ ካለ ደግሞ ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ድረስ ለሁለት ሳምንት ያህል ቀስ እያለ ይጀምር።

አንድ ልጅ በሙቀት መሃል መንገዳገድ፣ መቀባጠር፣ ማስመለስ ከጀመረ፣ ወይም «ስምህ ማነው?» ሲባል ከተደናገረ ሙቀቱ አንጎሉን መትቶታል። ላብ እያላበውም ሊሆን ይችላል፤ «ላብ አለው፣ ደህና ነው» አይባልም። ጥላ ውስጥ ያስገቡት፣ ማልያውን ያውልቁለት፣ ያለውን ውሃ ሁሉ በባልዲም በጀሪካንም ከራሱ እስከ እግሩ ያፍስሱበት፣ በካርቶን ያራግቡለት፣ በረዶ ከተገኘ አንገቱና ብብቱ ሥር ያድርጉለት። ባጃጅ ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ማቀዝቀዝ ይቀድማል። አንድ ሰው መኪና ይጥራ፣ ሌላው ማፍሰሱን አያቋርጥ፣ ወደ ሆስፒታል ሲሄድም ይቀጥል። ያልነቃን ወይም የተደናገረን ልጅ በአፉ ውሃ አያጠጡት፣ ትን ይለዋል። ፓራሲታሞል ለዚህ ሙቀት አይሠራም። ክብሪት ማሽተትም ሆነ ዳማከሴ ማሸት የሚያደርገው ነገር ቢኖር ደቂቃ ማባከን ነው። ዳማከሴን የሚወዱ እናቶች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ፤ ይቆጡኝ።

ስለ ዲክሎፌናኩ ግን በለዘብታ ልጽፍልዎ አልችልም። ለአዋቂ ወገብ የታዘዘ መድኃኒት ነው፤ ለልጅዎ ማንም ሐኪም አላዘዘለትም። ውሃ ባነሰው ሰውነት ውስጥ ሲገባ ኩላሊትን ይጎዳል፤ እርስዎ ደግሞ የሚሰጡት በሙቀት ሊሮጥ ሲል ነው። ሕመሙን ስለሚደብቅለትም መቆም ያለበት ልጅ ይሮጣል። ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ ሌላም አለ። ደንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ድሬዳዋን ደጋግሞ መቷታል። ደንጊ የያዘው ልጅ መጀመሪያ የሚለው «አተኮሰኝ፣ ሰውነቴን ቆረጠመኝ» ነው። ቤት ውስጥ ዲክሎፌናክ መስጠት የለመደ ወላጅ ያን ቀንም እሱኑ ያነሳል፤ በደንጊ ላይ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን መድማትን ያባብሳል። የቀረውን ከልጁ እጅ ያርቁት፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድም ፍሬ አይስጡት። ትኩሳት ያለው ልጅ ደግሞ ልምምድ አይሄድም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ነው የሚሄደው።

እስከ አሁን የሰጡት ግማሽ ግማሽ ፍሬ ይጎዳዋል ብለው ግን አይጨነቁ። ሽንቱ እንደ ወትሮው ከሆነ፣ ፊቱና እግሩ ካላበጠ፣ ሆዱንም ካላመመው ማቆሙ ይበቃል።

ተረከዙ በራሱ የሚያሳስብ አይደለም። ከ8 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ የተረከዝ አጥንት ገና እያደገ ነው፤ ሩጫ ሲበዛ የባት ጅማት የሚያድገውን ቦታ ይጎትተውና ያመዋል። አካለ ስንኩል አያደርገውም፣ ቁመቱንም አያስቀረውም፣ እድገቱ ሲያልቅ ይተወዋል። ልምምዱን ይቀንስ፣ ሲያመው ይቁም፣ ማታ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ 15 ደቂቃ ያድርጉለት፣ የባቱን ጡንቻ በቀስታ እየሳበ ያፍታታ። ጫማውንም ይመልከቱ፦ በደረቅና በጠንካራ መሬት ላይ ጥርሱ ረጅም የሆነ ታኬታ ተረከዙን ይደበድበዋል፤ ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ጫማ ይሻለዋል። በባዶ እግሩ አይሩጥ። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት እንዲህ አድርጎ ካልተሻለው፣ ወይም ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ካበጠና ካተኮሰው ያምጡት።

እስከዚያው ስሙን ያስመዝግቡለት።