«ካታኒያ» የሚል ወረቀት ያለበት የአያትህ ጊታር

ወንድሜ፣ አያትህ በተዉላችሁ ጊታር ውስጥ ግማሹ የተቀደደ ወረቀት እንዳለና ከጽሑፉ «ካታኒያ» የሚለው ብቻ እንደሚነበብ ጽፈሃል። ቤተሰቡ «ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ጥሎት የሄደ ነው» ስለሚል፣ እውነቱን እንዴት እንደምታጣራ ጠይቀሃል። እዚህ ጅማ የክር መሣሪያ ስጠግን ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ይህንኑ ታሪክ ከብዙ ቤት ስለሰማሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

ካታኒያ የሲሲሊ ከተማ ናት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ጊታርና ማንዶሊን የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች ነበሩባት። ጅማም በወረራው ዘመን የጣሊያኖች የአስተዳደር ማዕከል ስለነበረች የቤተሰቡ ታሪክ ሊሆን የማይችል አይደለም። ይሁን እንጂ የካታኒያ ሠሪዎች ከጦርነቱ በኋላም ሥራቸውን አላቋረጡም፤ ወደ ውጭ አገርም ይልኩ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እዚሁ አገር ቀርተው በመካኒክነትና በግንበኝነት የኖሩ ጣሊያኖችም ነበሩ። እንግዲህ ጊታሩም ባለቤቱም ጣሊያናዊ ሆነው፣ መሣሪያው የመጣው ግን ወረራው ካበቃ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ አገሩን እንጂ ዘመኑን አይነግርህም።

ዘመኑን ከአካሉ ፈልግ። ትንሽ መስታወትና ባትሪ በድምፅ ቀዳዳው አስገብተህ የውስጡን ገጽ በሙሉ እይ፤ ጠጋኞች በእርሳስ ቀንና ስም የመጻፍ ልማድ አላቸው። የመቃኛዎቹን ብሎኖችም ተመልከት። በመስቀል ካቻቢቴ የሚፈቱ ከሆኑ ተጠንቀቅ፤ ያ ዓይነት ብሎን በአሜሪካ መስፋፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ሆኖም ወዲያውኑ አትፍረድ። ከመቃኛው ሥር የተደፈነ የቆየ ቀዳዳ ካለ መቃኛው ተቀይሯል ማለት ነው፤ ያኔ ብሎኑ የሚመሰክረው ስለ ጥገናው ብቻ ነው። 

የፋብሪካ ቁጥር ካገኘህ ደግሞ እንደ ሀብት ቁጠረው። አንድ ደንበኛዬ «የጣሊያን ጊዜ» ብሎ ያመጣው ጊታር ፍራሙስ የተባለ የጀርመን ሥራ ነበር። ድርጅቱ ራሱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። በፍራሙስ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት አሃዞች ዓመቱን፣ ፊደሉ ወሩን ያመለክታሉ፤ በዚያኛው ላይ 64 እና ኤል (L) ስለነበረ የታኅሣሥ 1964 ሥራ መሆኑ ወዲያውኑ ታወቀ። ኤኮ የሚባለውን የጣሊያን ጊታር ያየ ሰውም ይህን ያስታውስ፦ ፋብሪካው በሬካናቲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው።

ከሰው ስትጠይቅ «የማን ነበር?» ብለህ አትጀምር፤ ሁሉም ያንኑ የተለመደ ታሪክ ይደግምልሃል። «መጀመሪያ ያዩት የት ቤት ሆነው ነው? ያኔ ማን ተወልዶ ነበር? ማን ይጫወትበት ነበር?» በል። የዘመን አቆጣጠሩንም አትርሳ። አንድ አዛውንት «በ50 ዓ.ም.» ካሉህ በፈረንጆቹ 1957 ወይም 1958 ማለታቸው ነው፤ ይህን ከፋብሪካ ቁጥር ጋር ሳታስታርቅ ካጻፍህ ታሪኩ ሰባት ስምንት ዓመት ይዛባል። የቤተሰቡን የድሮ ፎቶግራፎችም ፈትሽ። ጊታሩ የታየበት አንድ ፎቶ ቢገኝ፣ ከጀርባው የፎቶ ቤት ማኅተምና ቀን ካለው፣ ከዐሥር ሰው ቃል ይበልጥብኛል።

እባክህ፣ ይህ ሁሉ እስኪጠናቀቅ አታስጠርገው፣ ቨርኒሽ አታስቀባው፣ በብርጭቆ ወረቀት አታስነካው። የተሰነጠቀውንም በዛሬ ዘመን ኮላ አታጣብቅ። ወፍራም የብረት ክር አትወጥርበት፤ የዚያ ዘመን የካታኒያ ጊታሮች ብዙዎቹ ቀላል አካል ስላላቸው ፊታቸው ይሰምጣል። አሁን ያለበትንም ክር አላላው። የጅማ ክረምት እርጥበት የድሮ ኮላ ስለሚያላቅቅ ከግድግዳ አርቀህ ደረቅ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው። የወረቀቱን ቅሪት ሳትነካ በደንብ ፎቶ አንሳውና ከመቃኛዎቹ ጀርባ ፎቶ ጋር እዚህ ለጥፈው፤ የቀሩትን ፊደላት አብረን እናያቸዋለን።